ባለ ስድስትና ባለ አሥራ ሁለት

በአዲስ አበባ ጋራዦች የሚነገረው ቋንቋ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ሞርሳ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ዳዶ፣ ብሎን፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ የሆኑ ቃላት ናቸው። የፋሺስቱ ጦር በ1933 ዓ.ም. ድል ተነሥቶ ወጥቷል፤ የመሣሪያዎቹ ስሞች ግን ከብረቱ ጋር እዚሁ ቀርተው የሠራተኛው አፍ አላምጦ የራሱ አድርጓቸዋል። ዛሬ አንዱን ወጣት መካኒክ “ካቻቢቴ የማን ቃል ነው?” ብለው ቢጠይቁት “የእኛ ነዋ!” ከማለት ወደኋላ አይልም፤ እውነትም አለው።

ከእነዚህ ቃላት አንዱ ቡሶላ ነው። ቡሶላ በብሎን ወይም በዳዶ ራስ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋ፣ በጀርባው ባለው አራት ማዕዘን ቀዳዳ እጀታ የሚሰካበት አጭር የብረት ጽዋ ነው። በጣሊያንኛ ይኸው ቃል ኮምፓስን፣ ማለትም መርከበኛ በባሕር ላይ አቅጣጫ የሚያውቅበትን መሣሪያም ይጠራል። ሁለቱን ያገናኛቸው የቋንቋ አጋጣሚ ነው። ሆኖም በመርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ የትኛውን ልግዛ እያለ ለሚያመነታ ተለማማጅ ሁለቱ ትርጉሞች በጣም የተራራቁ አይደሉም።

ተለማማጁ ዕድሜው ሃያ አልሞላም። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ በየጋራዡ እሱን የመሰለ አንድ ልጅ አይታጣምና። ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎን በናፍጣ ሲያጥብ፣ ከመኪና ሥር ተኝቶ መብራት ሲይዝ፣ “አሥራ ሰባትን አቀብለኝ” ሲባል ሲያቀብል ኖሯል። አሁን ከጋራዡ ልጆች ጋር የገባበት ዕቁብ ደርሶታል። ገንዘቡ የስምንት ወር ቁጠባ ነው፤ ከዚያም ላይ እናቱ ለቤት ኪራይ የምትጠብቀው ድርሻ አለ። የቀረው ለመሣሪያ ነው። የራሱ ቡሶላ የሌለው ልጅ የሰው እጅ እስኪፈታ ይጠብቃል፤ ሥራው የሚጀመረው ሌላው ሲጨርስ ነው። የራሱ ያለው ግን ከደጅ አንድ መኪና ቢመጣ “እኔ ልየው” ለማለት ይችላል። በተለማማጅና በሠራተኛ መካከል ያለው ድንበር ብዙ ጊዜ ከዚህ የሰፋ አይደለም።

በመደርደሪያው ላይ ቀይ የፕላስቲክ ሣጥን ተከፍቶ ተቀምጧል፤ በውስጡም ከትንሿ እስከ ትልቋ በረድፍ የተሰደሩ፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳዩ ከአርባ በላይ ቡሶላዎች አሉ። ከደጃፉ በታች ደግሞ በጆንያ ላይ ጠቆር ያሉ፣ ክሮማቸው እዚህም እዚያም የተላጠ፣ በነጠላ የሚሸጡ አሮጌ ቡሶላዎች ተበትነዋል። በቀዩ ሣጥን ዋጋ ከጆንያው ላይ ዘጠኝ ወይም አሥር ቢገኝ ነው። አርባ ወይስ ዘጠኝ? አሮጌው መካኒክ ልጁ ከመሄዱ በፊት የነገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ “ስትገዛ ቁጥሩን አትቁጠር፤ አዙረህ ውስጡን እየው።”

ውስጡን ያየ ሰው ሁለት ዓይነት ያገኛል። አንደኛው እንደ ብሎኑ ራስ ስድስት ጎን ብቻ አለው። ሁለተኛው አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ኮከብ ይመስላል፤ ሁለት ባለ ስድስት ጎን ቅርጾች በሠላሳ ዲግሪ ተዛንፈው አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡበት ነውና። ይህ ሁለተኛው በየሠላሳው ዲግሪ የብሎኑን ራስ ያገኛል፤ ባለ ስድስቱ ግን በየስልሳው ብቻ። ዓይን በማያይበት፣ እጅ በግድ በሚገባበት፣ እጀታው ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ ቦታ በሌለው ጠባብ ሥፍራ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሻጩም ይህን ያውቃል። “ይኼ ቶሎ ይይዝልሃል” ይላል። አልዋሸም።

ነገር ግን ቶሎ መያዝ ሌላ፣ አጥብቆ መያዝ ሌላ ነው። የባለ 13 ብሎን ራስ ከጎን እስከ ጎን 13 ሚሊሜትር ነው፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ ደግሞ 15 ይሆናል። እንግዲህ ማዕዘኑ ከጎኑ የሚረዝመው በአንድ ወገን አንድ ሚሊሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። ብሎኑ ለመዞር ያለው ተስፋ ሁሉ በዚህች አንድ ሚሊሜትር ላይ ያረፈ ነው። እሷ ከተበላች ራሱ ክብ ይሆናል፤ ክብ ነገርን ደግሞ ቡሶላ አያዞርም። ባለ ስድስቱ ቡሶላ የሚገፋው የብሎኑን ጎን በሰፊው ተደግፎ ነው። ባለ አሥራ ሁለቱ ግን ግማሽ ያህሉ ግድግዳው በሌሎቹ ስድስት ማዕዘኖች ስለተቀረፈ የሚደገፍበት ጎን ያንሰዋል፤ ኃይሉን የሚጥለውም ወደ ማዕዘኑ ጫፍ ቀርቦ ነው። በአዲስ ብሎን፣ በትክክለኛ ልክ፣ በመጠነኛ ኃይል ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ቢሠሩ አይሰለቹም። ልዩነቱ የሚገለጠው ዝገት ከበላው፣ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ከተማረረበት ብሎን ጋር ሲገናኙ ነው። ሳይማረሩበት የቆየ ብሎን ደግሞ በዚህ ከተማ ስንት ይገኛል?

ከዚህም ሌላ፣ ጥርስ ያለው ቀጭ ቀጭ የሚል እጀታ ከመጣ ወዲህ የባለ አሥራ ሁለቱ ዋነኛ ብልጫ ቀንሷል። 72 ጥርስ ያለው እጀታ አንድ ጥርስ ለመያዝ የሚፈልገው 5 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ቡሶላው አንድ ጊዜ ራሱ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ጠባቡ ቦታ አያስቸግረውም። ይህን ሁሉ ግን ሻጭ አይናገርም፤ ሻጭን በዚህ መውቀስም አይገባም።

አሮጌው መካኒክ ትምህርቱን የሰጡት በቃል አልነበረም። አንድ ቀን አንድ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ እየተገፋ ወደ ጋራዡ ገባ። ላዳ እ.ኤ.አ. በ1970 መመረት የጀመረው ከፊያት 124 ተወርሶ ነውና ብሎኖቹ 10፣ 13፣ 17፣ 19 ናቸው። ሞተሪኖው ሞቷል። ሹፌሩ ለሳምንታት ቁልቁለት እየፈለገ ሲያቆም፣ ቁልቁለት ባጣበት ሲያስገፋ ሰንብቶ በመጨረሻ ተሸንፏል። መኪናዋ የእሱ አይደለችም፤ ሠራም አልሠራም ማታ ለባለንብረቷ የሚቆጥረው ገቢ አለ። በአንድ እግሩ ቆሞ፣ በሌላው መሬቱን እየመታ፣ በየአምስት ደቂቃው “አለቀ?” ይል ነበር።

ሞተሪኖውን የያዙት ሦስት ባለ 13 ብሎኖች ናቸው። ሁለቱ ወጡ። ሦስተኛው፣ ከሥር ያለው፣ መካኒኮች በስሙ የሚምሉበት ብሎን ነው፤ አይታይም፣ በእጅ ተዳብሶ ብቻ ይገኛል። ልጁ ተበድሮ የያዘው ቡሶላ ባለ አሥራ ሁለት ነበር፤ ያውም ብዙ እጅ ያለፈበት። ቶሎ ያዘለት። በሙሉ ክብደቱ ሲጫነው “ቀጭ!” አለ፤ እጁ ሄዶ ከብረቱ ጋር ተላተመ፤ የሁለት ጣቶቹ መገጣጠሚያ ተላጠ። ሲዳብሰው የብሎኑ ራስ ለስልሷል።

ሹፌሩ ራሱን ያዘ። ልጁ ደሙን በጨርቅ እየጠረገ፣ “ጋሼ፣ አበላሸሁት” አለ።

እሳቸው አልተቆጡም። “በፊትም ተበልቶ ነበር፤ አንተ ጨረስከው እንጂ አልጀመርከውም” አሉና ከሣጥናቸው ሥር አንዲት ባለ ስድስት ቡሶላ አወጡ። ሚሊሜትር አልነበረችም። ግማሽ ኢንች ናት። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ ከ13 ሦስት ዐሥረኛ ሚሊሜትር ይጠባል። በደህና ጊዜ ባለ 13 ራስ ላይ አትገባም። በረጅም ማስረዘሚያ ጫፍ ሰክተው፣ በተበላው ራስ ላይ አስቀምጠው በመዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ መቱት። እየፋቀች ገባች። ብረት በብረት ላይ አዲስ ማዕዘን ቀረጸ። ከዚያ በኋላ እጀታውን በዝግታ፣ ያለ ንዴት፣ ሳቡት፤ ብሎኑም አንድ ጊዜ ጮኾ ለቀቀ። ሹፌሩ ማታ ለባለንብረቷ የቆጠረው ስንት እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ግን ከመጨለሙ በፊት ያለ ግፊ ተነሥቶ ሄዷል።

እዚህ ላይ ነገርን ከነገር ማንሣት ይፈቀድ። በመድረኮቻችንና በግድግዳ ሥዕሎቻችን ላይ ሠራተኛ ሲታይ ከጥንት ጀምሮ በእጁ የሚይዘው መዶሻ ነው። ክንዱ ይወፍራል፣ ደረቱ ይሰፋል፣ ድምፁ ይጎላል። መዶሻ መያዙ ስህተት አይደለም፤ ከላይ እንደታየው መካኒኩም መዶሻ አንሥተዋል። ዳሩ ግን መዶሻው የመጣው ከብዙ ማሰብ በኋላ፣ ከየትኛዋ ቡሶላ በስተጀርባ እንደሚመታ ከታወቀ በኋላ ነው። የሠራተኛ ቀን አብዛኛው የሚያልፈው በመምረጥ ነው፤ ይህን ልክ ወይስ ያንን፣ አጭሩን ወይስ ረጅሙን፣ አሁን ልሳብ ወይስ ዘይት አፍስሼ እስከ ነገ ልተወው? ይህን ውስጣዊ ክርክር የሚያሳይ ተውኔት ብርቅ ነው። ተዋናዩን በላብ ማራስ ይቀላልና።

የአሮጌው መካኒክ ሣጥን ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው። በአንድ ወገን ሚሊሜትሮች፣ በሌላው ወገን ኢንቾች አሉበት። በአገራችን መንገዶች ላይ የፊያት 682 የጭነት መኪናዎችና ፎልክስዋገኖች በሚሊሜትር ሲሄዱ፣ ላንድሮቨሮችና የአሜሪካ መኪናዎች በኢንች ይሄዱ ነበር። የእንግሊዞቹ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1841 የብሎን ጥርስ ሁሉ በአንድ ሥርዓት፣ በ55 ዲግሪ እንዲቀረጽ ሐሳብ አቀረበ፤ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም በዚህ ሥርዓት የቁልፉ መጠሪያ የብሎኑ ግንድ ውፍረት እንጂ የራሱ ስፋት አይደለም። ስለዚህ የዊትዎርዝ “ግማሽ ኢንች” ቁልፍ አፉ ሲለካ 23.4 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የአሜሪካው “ግማሽ ኢንች” ግን እውነተኛው 12.7 ነው። አንድ ስም፣ ሁለት ብረት። እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ በ60 ዲግሪ በሚቀረጽ አንድ ጥርስ ተስማሙ፤ ቢሆንም ቀደም ብለው የተሠሩት ላንድሮቨሮች ስምምነቱን አልሰሙም፤ በአንዱ መኪና ላይ ሁለቱ ሥርዓት ጎን ለጎን ተገኝቶ የስንቱን ቀን አጨልሟል።

በኋላ ጃፓኖች መጡ። አሁን በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ከሚታየው መኪና የሚበዛው ቶዮታ ስለሆነ የተለማማጁ ዓለም ሚሊሜትር ነው፤ ይሁንና ሚሊሜትር ሁሉ አንድ አይደለም። ግንዱ 8 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን በላዳና በጀርመን መኪና ላይ 13 ራስ አለው፤ በቶዮታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 12 ነው። ግንዱ 10 የሆነው በቀድሞው የጀርመን ደንብ 17፣ በዓለም አቀፉ ደንብ 16፣ በጃፓኖቹ ዘንድ 14 ይሆናል። ስለዚህ አሮጌው መካኒክ ሳያዩ እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ሲሰዱ 13 ይመጣል፤ የልጁ እጅ 12 ያመጣል። የአንድ ትውልድ ልዩነት አንድ ሚሊሜትር ሆኖ ተለክቷል።

ለልክ ሲባል አንዳንድ ወዳጅነት እንዳለም መታወቅ አለበት። 19 ሚሊሜትርና ሦስት አራተኛ ኢንች ወንድማማቾች ናቸው፤ ልዩነታቸው አምስት መቶኛ ሚሊሜትር፣ ከአንዲት ፀጉር ውፍረት የማይበልጥ ነው። 8 ሚሊሜትርና አምስት አሥራ ስድስተኛም እንዲሁ ይዋዋሳሉ። በ14 ራስ ላይ ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ቢደፋ ግን ይገባል፣ ይዞርማል፣ የያዘም ይመስላል፤ ሦስት ዐሥረኛ ሚሊሜትር ያህል ይሰፋልና ኃይል ሲጨመር ማዕዘኑን ገምጦ ይሄዳል። ከማይገባው ይልቅ የሚያስፈራው በልኩ የሚመስለው ነው።

ስለ ጥቁሮቹ ቡሶላዎች አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም፤ ነገሩ የዓይን ነገር ነውና። በእጅ ለሚሠራ ሥራ የሚሠራው የሚያብረቀርቀው ቡሶላ በአብዛኛው ከክሮምና ከቫናዲየም ጋር ከተቀላቀለ ብረት ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ጠባብ ቦታ ይገባል። በአየር ግፊት እየደበደበ በሚፈታ መሣሪያ ላይ ሲሰካ ግን ጥንካሬው ጠላቱ ይሆናል፤ ይሰነጠቃል፣ ስንጣሪውም እንደ ጥይት ይወረወራል። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ጥቁሩ፣ ወፍራሙ፣ ከክሮምና ከሞሊብዲነም ጋር የተቀላቀለው ነው፤ ለስለስ ያለ ስለሆነ ምቱን ይውጣል። በየመንገዱ ዳር ጎሚስታ ቤት በአየር መሣሪያ ላይ የሚያብረቀርቅ ቡሶላ ሲሽከረከር ያየ ሰው ፊቱን ማዞር አለበት። ያው የአየር መሣሪያ ደግሞ ያለ ልኬት ያጠብቃል። ከተማ ውስጥ ጎማ ያስቀየረ ሚኒባስ አባይ በረሃ ላይ በሌሊት ጎማው ቢፈነዳ፣ ሹፌሩ በመኪናው ቁልፍ ባለ 21ዱን ዳዶ ለማላቀቅ እላዩ ላይ ቢቆምበትም ላይሆንለት ይችላል። በአንጻሩ የላላው ዳዶ የሚያስከትለውን መናገር አያስፈልግም። ለዚህ ነው አሮጌው መካኒክ የጎማ ዳዶ መጨረሻውን ሁልጊዜ በእጅ፣ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል የሚያጠብቁት።

ረጅሙ ቡሶላ ለካንዴላና ግንዱ ከዳዶው አልፎ ለወጣ ብሎን ነው፤ የካንዴላው በውስጡ ሸክላውን የሚይዝ ላስቲክ ይኖረዋል። ከዚህ የበለጠ የሚባልበት የለም። ባለ አሥራ ሁለቱንም ጨርሶ ማጣጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። በአንዳንድ የቶዮታ ሞተሮች የቴስታታው ብሎኖች ራሳቸው ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን ሆነው ተሠርተዋል፤ እዚያ ላይ ባለ ስድስቱ ምንም አይፈይድም።

ቡሶላን ከእጀታው ለይቶ፣ አንዱን እጀታ ለብዙ ቡሶላ የማዋል ሐሳብ በሰፊው ገበያ የወጣው ጆሴፍ ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1920 በሚልዋኪ ከተማ ባቋቋመው ድርጅት ነው፤ አምስት እጀታና አሥር ቡሶላ የኀምሳ ቁልፍ ሥራ ይሠራሉ ብለው ነበር የሸጡት። ከዚያ ወዲህ ዓለም በሚሊሜትርና በኢንች ሲከራከር ቢኖርም እጀታው የሚሰካበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ግን እስከ ዛሬ በሁሉም ዘንድ ኢንች ነው፤ ሩብ፣ ሦስት ስምንተኛ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ፣ አንድ። የጃፓኑ ባለ 12 ሚሊሜትር ቡሶላ በጀርባው ግማሽ ኢንች ተሸክሞ ይዞራል።

ተለማማጁ በኪሱ ሦስት ብሎኖች ይዞ ነበር የመጣው፤ ባለ 12፣ ባለ 13 እና ባለ 17። በቀዩ ሣጥን ያሉትን ሞከረ። ሁሉም ገቡ፤ ግን በጣቱ ሲያወዛውዛቸው ብሎኑ ውስጥ ተንቀጫቀጨ። ሻጩ “ለስንት ሰው ሸጬዋለሁ!” አለ። ልጁ ሳይመልስ ጎንበስ ብሎ በጆንያው ላይ ያሉትን ያገላብጥ ጀመር። አንዱ ተሰንጥቋል፤ ጣለው። ሌላው ውስጡ ተልጧል፤ ጣለው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስምንት ባለ ስድስት ቡሶላ ለየ፤ 10፣ 12፣ 13፣ 14፣ 17፣ 19፣ 21 እና ለካንዴላ የሚሆን አንድ ረጅም 21። ዘጠነኛዋን ከጆንያው ጥግ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ በመዳፉ ሲያገላብጣት ቆየ።

“እሷ እኮ ኢንች ናት” አለው ሻጩ። “አሥራ ሦስትን ይዘህ እሷን ምን ታደርጋታለህ?”

“ለክፉ ቀን ናት።”

ሻጩ ሳቀና ዘጠኙንም በጋዜጣ ጠቀለለለት። ለእጀታው የሚሆን ገንዘብ አልተረፈውም፤ እሱን እስከሚቀጥለው ዕቁብ ድረስ ከጋሼ ይዋሳል።